«ይረዳሉ» አይለካም ከተባለ ምን እንጻፍ? ስለ ማኅበራዊ ሳይንስ ትምህርት ግብና ዝርዝር ዓላማ አጻጻፍ

ጥያቄ፦ «የ8ኛ ክፍል የማኅበራዊ ሳይንስ መምህርት ነኝ። ዕቅዴ ላይ ‹ተማሪዎች የኢንዱስትሪ አብዮትን ምንነት ይረዳሉ› ብዬ ስጽፍ ሱፐርቫይዘሩ ‹ይረዳሉ አይለካም› ብሎ መለሰልኝ። ‹ይዘረዝራሉ› ብዬ ስቀይረው ተቀበለኝ፤ እኔ ግን ትምህርቱ የረከሰብኝ መሰለኝ። ግብና ዝርዝር ዓላማ የሚለያዩት በምንድን ነው? ‹ለሰብዓዊ መብት ክብር ይሰጣሉ› የሚለውንስ በምን ልለካው? ለአንድ ክፍለ ጊዜስ ስንት ዓላማ ይበቃል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ የተሰማሽ ነገር ትክክል ነው። ሱፐርቫይዘሩም አልተሳሳተም። «ይረዳሉ» የሚለውን ብቻ ይዘሽ ክፍል ብትገቢ፣ ደወል ሲደወል ማን እንደገባውና ማን እንዳልገባው የምታውቂበት ነገር የለሽም። «ይዘረዝራሉ» ስትዪ ማወቂያ አገኘሽ፤ ግን የሚያሳይሽ ነገር ልታስተምሪ የፈለግሽውን አይደለም። ግሱ ተቀየረ እንጂ ትምህርቱ አልታሰበበትም፣ የከነከነሽም ይኸው ነው። እኔ የምመክርሽ ከሌላ ጫፍ እንድትጀምሪ ነው። ዓላማውን ከመጻፍሽ በፊት ተማሪው ምን ሠርቶ እንደሚያሳይሽ ወስኚ። ክፍሉ ሲያልቅ ደብተሩ ላይ ምን ላገኝ ነው? ይህን ካወቅሽ ግሱ ራሱ ይመጣል።

የግብና የዝርዝር ዓላማን ልዩነት ቶሎ ልመልስልሽ። ግብ ሩቅ ነው፣ የዓመት፣ አንዳንዴም የብዙ ዓመት ሥራ። «ተማሪው ስላለፈው ዘመን የሚነገረውን ከመቀበሉ በፊት ማስረጃውን የሚጠይቅ ሰው ይሆናል» ብትዪ ግብ ነው። ይህን በ40 ደቂቃ የሚጨርስ መምህር የለም፣ በአንድ ፈተና የሚለካውም የለም። ዝርዝር ዓላማ ቅርብ ነው፤ በአንድ ወይም በሁለት ክፍለ ጊዜ ተማሪው ሠርቶ የሚያሳየው ነገር ነው። በመካከላቸው የምዕራፍ ዓላማ አለ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ። ስለዚህ «ይረዳሉ» የሚለው ቃል ግብ ላይ ቢጻፍ ምንም ነውር የለውም። ዕለታዊ ዕቅድ ላይ ሲወርድ ነው ችግር የሚሆነው። ብዙ ዕቅዶች ላይ የማየው የመርሐ ትምህርቱ ግብ እንዳለ ተገልብጦ የዕለቱ ዓላማ ቦታ ላይ ተቀምጦ ነው፣ ከዚያ ግሱ ብቻ ተቀይሮ ሲላክ ሁሉም ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። የትምህርት ምሁሩ ራልፍ ታይለር በ1949 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዓላማ ሁለት ነገር መያዝ አለበት አለ፦ ተማሪው የሚያሳየውን ተግባርና ተግባሩ የሚያርፍበትን ይዘት። ሮበርት ሜገር በ1962 ጠበቅ አደረገው። ተግባሩ በምን ሁኔታ ውስጥ እንደሚሠራ ይጻፍ፣ እንዴት ሲሠራ ጥሩ እንደሚባልም ይጻፍ አለ። መምህራን ሥልጠና ላይ ይህንን ይማሩታል፣ ግን በተግባር ግሱን ይዘው ሁኔታውን ይጥሉታል። በእኛ ትምህርት ደግሞ ሁኔታው ትልቁ ነገር ነው። ተማሪው ፊት ምን ተቀምጧል? ካርታ ነው? የቁጥር ሠንጠረዥ ነው? የድሮ ደብዳቤ ነው? ወይስ ምንም የለም፣ ከራሱ እያስታወሰ ነው? «የስደት ምክንያቶችን ያብራራሉ» የሚለው ዓላማ ተማሪው ፊት አዲስ መረጃ ሲኖርና ሳይኖር ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ ሥራዎች ነው።

አሁን ወደ አንቺ ርዕስ እንግባ፣ እዚህ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ።

«የኢንዱስትሪ አብዮት ምንነት» ለአንድ ዓላማ በጣም ሰፊ ነው። ከውስጡ አንድ ጥያቄ ምረጪ። ለምሳሌ፦ በፋብሪካ የሚሠሩ ልጆች ሕይወት ምን ይመስል ነበር? ይህን እንዴትስ እናውቃለን? ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማስረጃ አለ። በ1832 ማይክል ሳድለር የሚመራው የእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ በልጅነታቸው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠሩ ሰዎችን ምስክርነት ሰምቷል። ረጅም የሥራ ሰዓት፣ ድብደባ፣ የአካል ጉዳት ተመስክሯል። በ1835 ደግሞ አንድሩ ዩር የተባለ የኬሚስትሪ ሰው የፋብሪካን ሥርዓት ደግፎ ሲጽፍ፣ ያያቸው ልጆች ደስ ብሏቸው በቅልጥፍና እንደሚሠሩ ተናገረ። ዘመኑ አንድ ነው፣ አገሩ አንድ ነው፣ የሚናገሩት ግን አይገናኝም። የ14 ዓመት ልጅ ይህን ሲያይ መጀመሪያ የሚለው «አንዱ ዋሽቷል» ነው። ትምህርቱም ከዚያች ዓረፍተ ነገር ይጀምራል።

ዓላማሽ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ስለ ፋብሪካ ልጆች ሥራ የተጻፉ ሁለት የሚጋጩ አጫጭር ጽሑፎች ሲሰጧቸው፣ ተማሪዎች ልዩነቱ ከምን እንደመጣ፣ የተናጋሪዎቹን ማንነትና ዓላማ በማገናዘብና ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ቢያንስ አንድ ማስረጃ በመጥቀስ፣ በአንድ አንቀጽ ያስረዳሉ።»

ረዘመ፣ አውቃለሁ። ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ሥራ አለው። «ሁለት የሚጋጩ ጽሑፎች» የሚለው ምን ይዘሽ ክፍል እንደምትገቢ ይነግርሻል። «ማንነትና ዓላማ» የሚለው ምን እንደምታስተምሪ ይነግርሻል። «ከእያንዳንዱ አንድ ማስረጃ» የሚለው ስታርሚ ምን እንደምትፈልጊ ይነግርሻል። ሱፐርቫይዘሩም ቢያየው አይለካም ሊል አይችልም።

መለኪያውን ለማውጣት አንድ ዘዴ አለ፣ እባክሽ ሞክሪው። ወደ ክፍል ከመግባትሽ በፊት መልሱን ራስሽ ሦስት ጊዜ ጻፊው፦ እንደ ደካማ ተማሪ፣ እንደ መካከለኛ ተማሪ፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ። ደካማው «ዩር ውሸታም ነው፣ ልጆቹ ይሠቃዩ ነበር» ይላል። መካከለኛው «ዩር ፋብሪካን ስለሚደግፍ መልካሙን ብቻ አየ፣ ምስክሮቹ ግን ራሳቸው የሠሩ ናቸው» ይላል። ይህ ጥሩ ነው፣ ግን ግማሽ ነው። ጎበዙ ሁለተኛውንም ይጠይቃል፦ ሳድለር የሥራ ሰዓት እንዲቀነስ የሚታገል ሰው ነበር፣ የኮሚቴው ምስክሮች በአብዛኛው ከሠራተኛው ወገን ነበሩ፣ የፋብሪካ ባለቤቶችም የእኛ ወገን አልተሰማም ብለው ቅሬታ አቅርበዋል። ይህ ማለት ምስክርነቱ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ሌላ ሦስተኛ ማስረጃ ያስፈልገናል ማለት ነው። ሦስቱን መልሶች ጎን ለጎን ስታስቀምጫቸው የሚለያያቸው ነገር መለኪያሽ ነው። ከየትም መቅዳት አያስፈልግሽም።

ሦስተኛው ማስረጃም የቀጣዩን ቀን ዓላማ ይሰጥሻል። በ1833 የወጣው የፋብሪካ ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በአብዛኞቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች እንዳይቀጠሩ ከለከለ፤ ከ9 እስከ 13 ዓመት ላሉት የቀኑን ሥራ ከ9 ሰዓት እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ለቁጥጥርም 4 ኢንስፔክተሮች ተመደቡ። ለመላው አገር 4 ሰው! ከዚህ ላይ «የሕጉን አንቀጾችና የተቆጣጣሪዎቹን ቁጥር በማየት ሕጉ ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ይገምታሉ፣ ግምታቸውንም በሁለት ምክንያት ይደግፋሉ» የሚል ዓላማ ይወጣል። ትናንት ስለ ማስረጃ፣ ዛሬ ስለ ሕግና አፈጻጸም፣ ሁለቱም ከላይ ላለው ሩቅ ግብ ይሠራሉ።

ይህን ክህሎት ለምን እንደመረጥኩ ልንገርሽ። ሳም ዋይንበርግ በ1991 ባሳተመው ጥናት የታሪክ ባለሙያዎችና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ተመሳሳይ ሰነዶችን ሲያነቡ አነጻጽሯል። ባለሙያዎቹ ወደ ይዘቱ ከመግባታቸው በፊት ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ብለው ከታች ያለውን ምንጭ ያያሉ። ተማሪዎቹ በአብዛኛው ከላይ ጀምረው እስከ ታች ያነባሉ፣ ልክ የመማሪያ መጽሐፍ እንደሚነበበው። ያ ልማድ የመጣው ከክፍላችን ነው። ዓላማዎቻችን ሁሉ «ይዘረዝራሉ» እና «ይጠቅሳሉ» ከሆኑ፣ ልጁ ጽሑፍ ሁሉ የሚሸመደድ እንጂ የሚጠየቅ አይመስለውም።

ይህን ስል መዘርዘርን እየናቅሁ አይደለም። ስም፣ ቦታና ዓመት የማያውቅ ልጅ ስለምን ያስባል? አንዳንድ ቀን «የእንፋሎት ኃይል ፋብሪካዎች የሚተከሉበትን ቦታ እንዴት እንደቀየረ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ» የሚል ተራ ዓላማ ትክክለኛው ዓላማ ነው። መጥፎ የሚሆነው ምዕራፉ በሙሉ በዚያ ሲያልቅ ነው።

አሁን ወደ ብሉም እንምጣ፣ የትምህርት ዓላማዎችን በደረጃ ወደ ከፈለው ምሁር። የግሶች ሠንጠረዡ በየመምህራን ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይገኛል፣ መምህሩም ቀና ብሎ አይቶ አንድ ግስ ይመርጣል። የቤንጃሚን ብሉምና የባልደረቦቹ ምደባ በ1956 ወጣ፣ በ2001 ተሻሽሎ ማስታወስ፣ መረዳት፣ መተግበር፣ መተንተን፣ መገምገም፣ መፍጠር ሆነ። ልብ በይ፣ «መረዳት» ራሱ ከደረጃዎቹ አንዱ ነው! አልተከለከለም። የተሻሻለው ምደባ ግን በሥሩ የሚታዩ ተግባራትን ዘርዝሯል፦ በራስ ቃል መተርጎም፣ ምሳሌ መስጠት፣ መመደብ፣ ማጠቃለል፣ ከተሰጠው ተነስቶ መደምደም፣ ማነጻጸር፣ ማብራራት። ስለዚህ «ይረዳሉ» ልትዪ ስትይ ከእነዚህ የትኛውን ማለቴ ነው ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ እዚያው አለ።

ሌላው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ግስ ደረጃን አይወስንም። «የአብዮቱን መንስኤዎች ይተነትናሉ» ብለሽ ጽፈሽ፣ ትንተናው ግን ተዘጋጅቶ መጽሐፉ ላይ ካለ፣ ተማሪው የሠራው ማስታወስ ነው። ወረቀቱ ላይ መተንተን ተብሎ ተጽፏል፣ ክፍል ውስጥ የሆነው ሽምደዳ ነው። ትንተና እንዲሆን ከፈለግሽ ያላየውን ነገር ስጪው። የድንጋይ ከሰል፣ ካፒታል፣ የግብርና ለውጥ፣ የባሕር ንግድ፣ አዳዲስ ማሽኖች፣ እነዚህን አምስት ምክንያቶች አቅርቢለትና «ከእነዚህ አንዱ ባይኖር ኖሮ አብዮቱን ይበልጥ የሚያዘገየው የትኛው ነው? ለምን?» በይው። መጽሐፉ ላይ ያልተመለሰ ጥያቄ ስለሆነ መልሱ ከራሱ ጭንቅላት ይመጣል። ሁለት ተማሪዎች የተለያየ መርጠው ሁለቱም ጥሩ ውጤት ሊያገኙ ይችላሉ፣ ዓላማው ላይም ይህን የሚፈቅድ ቃል ይኑር፦ «መርጠው በምክንያት ይከራከራሉ»።

በሌሎቹ የትምህርቱ ዘርፎች ነገሩ ቀለል ይላል። ጂኦግራፊ ላይ «ካርታ ማንበብ ይችላሉ» ከማለት «1፡50,000 ስኬል ያለው ካርታ ሲሰጣቸው በሁለት ቦታዎች መካከል ያለውን ቀጥተኛ ርቀት ለክተው በኪሎ ሜትር ያሰላሉ» በይ። 4 ሴንቲ ሜትር 2 ኪሎ ሜትር ነው፣ ወይ ደረሰበት ወይ አልደረሰበትም። ኢኮኖሚክስ ላይ «በተሰጣቸው ውሳኔ ውስጥ የተመረጠውን ብቻ ሳይሆን ሲመረጥ የቀረውንም ለይተው ይጽፋሉ» ጥሩ ነው። የሕዝብ ፒራሚድ (ሕዝቡን በዕድሜና በፆታ ከፍሎ የሚያሳይ ሥዕላዊ መግለጫ) ላይ ደግሞ ያላዩትን አገር ፒራሚድ ሰጥተሽ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ጡረታ ፍላጎት ምን እንደሚነግረን ይተንብዩ።

«በቡድን ይወያያሉ»፣ «ፊልም ያያሉ»፣ «መምህሯ ታብራራለች» የሚሉትን ደግሞ ከዓላማ ቦታ አውጪያቸው። እነሱ የክፍል ሥራዎች ናቸው። ተወያይተው ምን አመጡ? ዓላማው እሱ ነው።

ወደ ከባዱ ጥያቄሽ ልምጣ። «ለሰብዓዊ መብት ክብር ይሰጣሉ።»

ይህ ግብ ነው፣ ያውም ከትምህርታችን ትልልቅ ግቦች አንዱ። እንዳትሰርዢው። ግን የማክሰኞ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ዓላማ አታድርጊው። ዴቪድ ክራትዎልና ባልደረቦቹ በ1964 የአመለካከትን ዘርፍ በአምስት ደረጃ አስቀምጠዋል። ልጁ መጀመሪያ ልብ ይላል፣ ቀጥሎ ምላሽ ይሰጣል፣ ከዚያ ዋጋ ይሰጠዋል፣ ከሌሎች እሴቶቹ ጋር ያደራጀዋል፣ በመጨረሻ የባሕርይው አካል ይሆናል። መጨረሻው ላይ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፣ ቤተሰብም፣ ጓደኛም፣ ኑሮም እጁን ያስገባበታል። በአንድ ክፍለ ጊዜ በእጅሽ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ናቸው።

እምነትን በማርክ መለካት ደግሞ ጉዳት አለው። ልጁ መምህሯ ምን መስማት እንደምትፈልግ ቶሎ ይገባዋል። «አከብራለሁ» ብሎ ይጽፍና ማርኩን ይወስዳል። የተማረው ነገር መምሰል ነው። ከማኅበራዊ ሳይንስ ክፍል እንዲህ ያለ ልማድ ይዞ የሚወጣ ልጅ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም በኋላ በሌላ ሰው ፊትም ሌላ ነገር መምሰል አይከብደውም።

የሚታየውንና የሚታሰበውን ክፍል ግን መጻፍ ትችያለሽ። በ1948 የወጣው ዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ 30 አንቀጾች አሉት። ከእነሱ አምስት ስድስቱን በቀላል ቋንቋ አቅርቢና እንዲህ በይ፦ «አንድ አጭር ታሪክ ሲሰጣቸው የትኞቹ መብቶች እንደተነኩ ለይተው፣ ሁለት መብቶች የሚጋጩበትን ቦታ ያሳያሉ፣ የራሳቸውን ውሳኔና ለእሱ የሚቃወም ሰው ሊያቀርበው የሚችለውን ጠንካራ መከራከሪያ ይጽፋሉ።» የምታርሚው ምን እንደመረጠ አይደለም፣ እንዴት እንዳሰበ ነው። ሌላም አለ፣ በተግባር የሚታይ፦ «በውይይት ጊዜ መልስ ከመስጠታቸው በፊት የቀደመውን ተናጋሪ ሐሳብ እሱ ‹አዎ፣ ያልኩት ይህን ነው› እስኪል ድረስ በራሳቸው ቃል ይደግማሉ።» ይህ ክብር መስጠት ነው፣ በዓይን ይታያል፣ ይለመዳልም። ማርክ አትስጪበት፤ ማስታወሻ ያዢ፣ በየወሩ ለውጡን እዪ።

ሌላው የትምህርት ምሁር ኤሊየት አይዝነር በ1960ዎቹ ሁሉም የትምህርት ውጤት አስቀድሞ ሊጻፍ ይገባል የሚለውን ተቃውሟል። አንዳንድ ጊዜ ተማሪው የሚያልፍበትን ሁኔታ ብቻ አዘጋጅተን የሚያመጣውን በኋላ እናያለን አለ። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ተማሪዎች በዕድሜ የገፋ ሰው ጠይቀው ሲመለሱ ምን ይዘው እንደሚመጡ ማንም አስቀድሞ አያውቅም። ለእንደዚህ ያለው ቀን «ጠይቀው ከሰሙት ውስጥ ያስገረማቸውን አንድ ነገር ከመጽሐፉ ጋር ያነጻጽራሉ» የሚል ክፍት ዓላማ ይበቃል።

ስንት ዓላማ ላልሽው፣ ለአንድ ክፍለ ጊዜ አንድ ዋና በቂ ነው። ቢበዛ አንድ ደጋፊ ይጨመር። አምስት ዓላማ የተጻፈበት ዕቅድ ሳይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱ ክፍል ውስጥ አልተነኩም፣ ለቅጽ የተጻፉ ናቸው። ቅጹ ዕውቀት፣ ክህሎትና አመለካከት ብሎ ሦስት ሳጥን ካስገደደሽ፣ አመለካከቱ ላይ የምዕራፉን ዓላማ ጻፊና በየቀኑ ተመሳሳዩ ይቀመጥ። ለሱፐርቫይዘሩም «ይህ በምዕራፉ መጨረሻ የሚታይ ነው፣ የዛሬው ይኸኛው ነው» በዪው። አብዛኞቹ ይቀበላሉ፣ ምክንያቱም የሚጨነቁት መለኪያ እንዳይጠፋ ነው። «80 በመቶ በትክክል ይሠራሉ» የሚለውን ግን ለካርታ ስሌትና ለመሳሰለው ብቻ ተጠቀሚበት። የአንድ አንቀጽ ክርክር 80 በመቶ ትክክል ማለት ምን ማለት ነው? እዚያ ላይ የሚያስፈልግሽ በመቶኛ ሳይሆን የማስረጃና የምክንያት መስፈርት ነው።

ሥራውን የት ልጀምር ካልሽ፣ የምዕራፉን የመጨረሻ ፈተና ወይም የጽሑፍ ሥራ ቀድመሽ አዘጋጂ። ግራንት ዊጊንስና ጄይ ማክታይ በ1998 ከመጨረሻው ወደ ኋላ ማቀድ ብለው ያስፋፉት መንገድ ይኸው ነው። ፈተናውን ጽፈሽ ስትጨርሺ ጥያቄዎቹን ከዝርዝር ዓላማዎችሽ ጋር አስተያዪ። ዓላማው «ይከራከራሉ» ብሎ ፈተናው «እውነት ወይም ሐሰት» ከሆነ ተማሪው የሚያምነው ፈተናውን ነው፣ የሚያጠናውም ለእሱ ነው። ከሁለቱ አንዱ መቀየር አለበት፣ እኔ ፈተናው ይቀየር ባይ ነኝ።

አንድ ያልጠየቅሽው ግን መምጣቱ የማይቀር ነገር ልጨምር። ክፍልሽ ውስጥ ቀስ ብለው የሚያነቡ ወይም ለመጻፍ የሚቸገሩ ልጆች ይኖራሉ። ለእነሱ «ይዘረዝራሉ» የሚል ሌላ ቀላል ዓላማ አትጻፊ። ሐሳቡ ለሁሉም አንድ ይሁን፣ ሁኔታውን ቀይሪ። ጽሑፎቹን በአራት በአራት መስመር አሳጥሪላቸው፣ ከባድ ቃላቱን ከጎን ፍቺላቸው፣ አስፈላጊ ከሆነም ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። «በአንድ አንቀጽ» የሚለውን «በጽሑፍ ወይም በቃል» አድርጊው። «ከእያንዳንዱ ጽሑፍ አንድ ማስረጃ በመጥቀስ» የሚለው ግን ለማንም አይነሳ።